ያረጀውን ሙጫ ስለ ማስለቀቅ

ልጆች ሆይ፥ ሙጫ የሚባለውን ነገር ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ከግራር ግንድ እንደ እንባ ወጥቶ የሚደርቀውን ሙጫ እንለዋለን፤ የተሰበረውን ዕቃ የሚያጣብቀውንም ሙጫ እንለዋለን። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ብዙ ነው። የሙጫውን ጠባይ ሳያውቅ ያረጀ ሙጫ ለማስለቀቅ የተነሣ ሰው ከሙጫው ጋራ ዕቃውንም ያጠፋል።

የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ አንዳንድ ጸሓፊ ከጥላሸት ጋራ አዋሕዶ የመጻፊያ ቀለም ያደርገዋል። የቆዳ ሙጫ ግን የበሬና የፍየል ቆዳ ቁራጭ ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ቢያስቀምጡት ያብጣል እንጂ አይሟሟም፤ ውሃው ሲሞቅ ግን ቀልጦ እንደ ማር ይሆናል። የስንዴ ዱቄት በውሃ ተፈልቶ የሚሠራው ማጣበቂያ በርጥበት ይለሰልሳል፤ ነቀዝና አይጥም ይወዱታል። የዕጣን ዛፍ ሙጫ ውሃ ብቻውን አይፈታውም፥ አልኮል ያስፈልገዋል። ሰም በሙቀት ይለቃል። ሬንጅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውሃን ይንቃል፥ በድንጋይ ቀዳዳ ይገባል፥ ሲቆይም ይጠነክራል።

አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል፥ ወርቁንም በስፍራው ይተካል፤ የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉትን ምሳሌ ከዚህ ወሰዱ። ነገር ግን በዚህ ነገር የአንጥረኛው ሥራ ቀላል ነው፤ ሰሙ የሚሄድ፥ ወርቁ የሚቀር መሆኑ አስቀድሞ ታውቋልና። ሰውን የሚያስቸግረው የሚሄደውና የሚቀረው ከአንድ ነገር የተሠሩ ሲሆኑ ነው።

በጎንደርና በቤጌምድር አገር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በውጭ በኩል መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት አለ፤ ከዚያ ውስጥ ቅድስት ይከተላል፤ በመካከል አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይቆማል። የመቅደሱ ግድግዳ በውጭ በኩል ከታች እስከ ላይ በሥዕል ይሸፈናል። ታዲያ ይህ ሥዕል በብዙ ስፍራ በግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም፥ በጨርቅ ላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ጭድ ይቀላቀልበታል። በዚያ ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል። በጨርቁ ላይ ነጭ ጀሶ ይቀባል፥ በጀሶውም ላይ ሠዓሊው ይሥላል። ቀለሙ ዱቄት ስለ ሆነ ብቻውን አይይዝም፤ ስለዚህ ከቆዳ ሙጫ ጋራ ይለወሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጨርቁን ከግድግዳው ጋራ የያዘው ሙጫ ነው፤ ቀለሙንም ከጨርቁ ጋራ የያዘው ሙጫ ነው። በጀርባ ያለውን የሚያቀልጠው ውሃ በፊት ያለውንም ያቀልጠዋል።

ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ያለች፥ የጉና ተራራ ነፋስ የሚደርስባት ደጋ አገር ናት። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ በክረምት ራሱን በደመና ተከናንቦ ሳምንት ሙሉ ሳይታይ ይሰነብታል። ሕዝቡ ገብስና ድንች ያመርታል፥ ብርድና ዝናብንም ያውቃል። በዚህ አገር ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፥ የሣሩ ክዳን አርጅቶ ነበርና፥ በአንድ ክረምት ዝናብ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ገባ። ጭቃው ራሰ፥ አበጠ፥ ከድንጋዩም ተለየ። በበጋው ደግሞ ደረቀና አንድ ሌሊት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ከነጭቃው ተገምሶ ወደቀ።

ገበዙ በነጋታው ሠዓሊ አስጠሩ። ሠዓሊው ዜማ የተማሩ፥ ሥዕልንም ከአጎታቸው የወረሱ ሽማግሌ ነበሩ። አብሯቸው ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆነ ቆሎ ተማሪ ይኖር ነበር፤ ቀን ቀለም ይፈጭላቸዋል፥ ማታ ዳዊት ይደግማል። ሁለቱ ጨርቁን በአሮጌ ሳንቃ ላይ አጋድመው እንደ በሽተኛ ተሸክመው ወደ ዕቃ ቤት አገቡት።

ሥዕሉ በፊቱ በኩል ደኅና ነበር። አምባላዩ ፈረስ እግሩን አንሥቶ ቆሟል፤ ዘንዶው ከበታቹ ተጠቅልሏል፤ ከግርጌ በኩል ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይታያል፥ ስሙ ግን በጭስ ጠቁሮ አይነበብም። ጀርባው ግን ሌላ ነበር። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ጭቃ፥ በጭቃው ውስጥ ጭድ፥ ከጭቃውም በታች እንደ ቀንድ የጠነከረ ቢጫ ሙጫ። ጀርባው እንዲህ ሻካራ ሆኖ ተመልሶ ቢለጠፍ እያንዳንዱ ጉብታ በፈረሱ ሆድና በቅዱሱ ፊት ላይ ይወጣል፤ ቀለሙም በጉብታው ጫፍ ይፈረፈራል።

ልጁ፦ «የኔታ፥ ውሃ አሙቄ ላምጣ፤ ሙጫው በአንድ ቀን ይለቅልናል» አለ።

መምህሩ አልተቈጡትም። ከሥዕሉ ጠርዝ፥ ከሐረጉ ጫፍ፥ ማንም የማያየውን አንድ ቀይ ቦታ መረጡ። ትንሽ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቀለሉ፥ በምራቃቸውም አራሱት፥ ቀዩንም አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰሱት። ጥጡን ለልጁ ሰጡት። ጥጡ ቀልቶ ነበር።

«ሙቅ ውሃ ብታመጣ የት ትደፋዋለህ?» አሉት። ልጁም ዝም አለ።

(በምራቅ መፈተናቸው ለአንዳንድ ሰው ነውር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በአውሮፓ ትልልቅ የሥዕል ቤቶች ያሉ አዳሾችም እስከ ዛሬ ድረስ ጥጥን በምራቅ እያራሱ የሥዕልን እድፍ ያነሣሉ፤ ምራቅ ከተራ ውሃ ይልቅ እድፍን የመፍታት ኀይል አለውና።)

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ንጹሕ ነጠላ በልሙጥ ሳንቃ ላይ ዘረጉ፥ ሥዕሉንም በፊቱ ደፉት። ጭቃው ደረቅ ስለ ነበር ውሃ አልፈለገም፤ በእንጨት ጫፍ መታ መታ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል፥ በዶሮ ላባም ይጠረጋል። ጭዱን አንድ አንድ እያሉ በጣት ይነቅሉታል፤ ወደ ላይ ቢስቡት ፈትሉን ይዞ ይነሣል፥ ስለዚህ ፈትሉ ወደሚሄድበት ወገን አጋድመው ይስቡታል። ይህ ሁሉ ሦስት ቀን ፈጀ።

ሙጫው ግን ቀረ። የብረት ቢላ እንዳይዝ ልጁ ተከልክሎ ነበር፤ ከበሬ አጥንት የተሠራ፥ አፉ የደነዘዘ ቢላ ተሰጠው። ስስ በሆነው ስፍራ ቢላውን አጋድሞ ሲፍቅ ሙጫው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሣል። ወፍራም በሆነው ስፍራ ግን አይነሣም። በዚያ ጊዜ መምህሩ ጨርቅ በውሃ ነክረው ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ይጨምቁታል፤ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ ያኖሩታል፤ አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ በዝግታ ደግመው ያነሡታል። ሰዓት በቤታቸው አልነበረምና ጸሎቱ ሰዓታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የሙጫው ላይኛው ክፍል ለስልሶ እንደ ረጋ መረቅ ይሆናል፤ በቢላው ይነሣል፤ ቦታውም ፈጥኖ በደረቅ ጥጥ ይታበሳል። ከዚያ ያ ስፍራ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳሉ። እንዲህ ሲደረግ በቀን የሚጸዳው አንድ ስንዝር ካሬ ያህል ነበር። ጨርቁ ደግሞ በቁመትም በስፋትም ከሰው ይበልጣል።

ገበዙ እየመጡ ይመለከቱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደብሩ ነገር የሚያስጨንቃቸው፥ ሌሊት ተነሥተው የመብራቱን ዘይት የሚለኩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን፦ «መሪጌታ፥ ሚያዝያ 23 ቀን ደርሷል። ሕዝቡ በበዓሉ ቀን ባዶ ግድግዳ ሊሳለም ነውን? ከደብረ ታቦር አንድ ነጋዴ አዲስ አቡጀዴና የዘይት ቀለም እሰጣለሁ ብሏል። አሮጌው ይቅር፤ አዲስ ይሣሉልን» አሉ።

መምህሩም፦ «አዲሱን መሣል እችላለሁ፤ ገንዘቡም ይጠቅመኛል። ይህን ፈረስ የሣለውን እጅ ግን ከገበያ አላገኘውም» ብለው መለሱ።

ገበዙም፦ «ምእመን የሚሳለመው ሥዕሉን ነው፥ የሠዓሊውን እጅ አይደለም» አሉ።

ይህ ቃል እውነት አለው። ሥዕል በቤተ ክርስቲያን የሚሰቀለው ለሠዓሊው ክብር አይደለም፤ የጥንት ሠዓሊዎችም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን አልጻፉም። ነገር ግን የመምህሩም ቃል እውነት አለው። የተጣለ ጨርቅ አይመለስም፤ አዲሱ ግን በሚቀጥለው ዓመትም ሊሣል ይችላል። ሁለት እውነት ሲጋጠም በኋላ ሊታረም የሚችለውን መምረጥ ይሻላል። ገበዙ ብዙ አሰቡና እስከ በዓሉ ድረስ እንዲሞከር ፈቀዱ።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው መምህሩ ወደ አንድ ዘመዳቸው ተዝካር ሄዱ። ልጁ ብቻውን ቀረ። የቀረው ሥራ ከፈረሱ የኋላ እግር በታች ነበር፥ ሙጫውም ከሌላው ይልቅ ወፍራም ነበር። ልጁ በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ ሥዕሉን ሲያይ በልቡ ይታየው ጀመር። ጨርቁን በደንብ ሳይጨምቅ አኖረው፤ ስፍራውንም አሰፋው። ሲያነሣው ሙጫው እንደ ገንፎ ለስልሶ በአንድ ጊዜ ተነሣለት። ደስ አለው። ነጠላውን ገልጦ ከሥር ሲያይ ግን የፈረሱ ሰኮና ከነቁርጭምጭሚቱ በነጠላው ላይ ታትሞ አገኘው።

መምህሩ ሲመለሱ ልጁ ከበሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፥ ነጠላውንም ዘርግቶ አሳያቸው። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ ሥዕሉ በፊቱ ተደፍቶ ነበርና እስኪገለጥ ድረስ ማንም አያውቅም።

«ስንት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምህ?» አሉት።

«ሦስት ጊዜ፥ የኔታ።»

«በአፍህ ነው ወይስ በልብህ?»

«በአፌ ብቻ ነው፤ ልቤ ከበዓሉ ዘንድ ነበር» አለ ልጁ፥ አለቀሰም።

መምህሩ ነጠላውን አጣጥፈው በሙዳይ አኖሩት፥ እንዳይታጠብም ከለከሉ። ለልጁ ሌላ ቅጣት አልሰጡትም። ሥራው ግን ሁለት ሳምንት ቆመ፤ ጨርቁ ከውስጥ እስኪደርቅ ድረስ መንካት አይገባምና። በዓሉም ያለ ሥዕሉ አለፈ።

በዚያ ቀን ልጁ ከመቅደሱ አጠገብ ሊቆም አፈረ፤ ነገር ግን ጧፍ አብሪ ነበርና ቆመ። ሰው ሁሉ ባዶውን ግድግዳ አይቶ ያልፋል። ገበዙ አንድ ቃል አልተናገሩም፥ ይህም ለልጁ ከስድብ ይልቅ ከበደው። አንዲት አሮጊት ግን ከልጅነታቸው ጀምረው በለመዱት ስፍራ ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ጭቃውን ዳሰሱ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

«ልጄ፥ ፈረሱ ወዴት ሄደ?» አሉት።

«እማማ፥ ጀርባው እየጸዳ ነው» አለ።

አሮጊቷም ባዶውን ጭቃ ተሳለሙና፦ «ፈረስ ጀርባው ሲታሽ ይቁነጠነጣል፤ ቀስ በሉት» ብለው ሄዱ።

ጀርባው ተፈጽሞ የጸዳው በሰኔ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ግን ክረምቱ ገብቶ ነበር። በጉና ሥር በክረምት የቆዳ ሙጫ አይደርቅም፤ ይሻግታል፥ ይሸታል፥ ሻጋታውም ወደ ጨርቁ ይገባል። ስለዚህ ሥዕሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፥ አይጥ እንዳይደርስበት በዕቃ ቤቱ ጣራ ላይ በገመድ ሰቀሉት። ግድግዳው አራት ወር ባዶ ሆኖ ከረመ። ሕዝቡ በዚህ መካከል ክዳኑን በቆርቆሮ ለወጠ፤ ይህ ባይሆን የሁለቱ ድካም ሁሉ ለሚቀጥለው ዝናብ መጫወቻ በሆነ ነበር። በጥቅምት አዲሱ ጭቃ ደርቆ ልሙጥ ሆነ። መምህሩ ቀጭን የቆዳ ሙጫ አፈሉ፥ በጭቃው ላይ ቀቡት፥ ትንሽም እስኪይዝ ጠበቁ። ከዚያ ሥዕሉን ከመካከሉ ጀምረው ወደ ዳርቻው በመዳፋቸው እያሹ ለጠፉት፤ ከመካከል ሲጀመር ነፋሱ ወደ ውጭ ይወጣል፥ ጨርቁም አያብጥም።

ሰኮናው ግን ጠፍቶ ነበር፤ በስፍራው ፈዛዛ ጀሶ ብቻ ይታያል። ልጁ፦ «የኔታ፥ ቀለም ልለውስን?» አለ። መምህሩ፦ «እጅህ ሲጸና አንተ ትሥለዋለህ» አሉት። ልጁ አድጎ ሠዓሊ ሆነ፥ ብዙ ፈረስም ሣለ። ያ ሰኮና ግን ሳይሣል ቀረ።

የጨርቅ ሥዕል ከግድግዳ ስለ ማስለቀቅ ከጎንደር ከተማ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይህ ግን እንደ ገሳዩ አልተፈጸመም። በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ1667 እስከ 1682 በነገሡት በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የተመሠረተ ነው ይባላል። (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ።) በ1932 ማርሴል ግሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ፥ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን እያቋረጠ የሚያጠና ጉባኤ እየመራ ወደ ጎንደር መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ተበላሽቶ ዝናብ ያገኘው ነበርና፥ ግሪዮል ከካህናቱ ጋራ ተነጋገረ፤ አሮጌዎቹን ሥዕሎች ከግድግዳ አስለቅቆ ሊወስድ፥ በምትካቸውም አዲስ ሊያሠራ ተስማማ። ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል የጉባኤው ሠዓሊ እያንዳንዱን እያየ አምሳያውን ሣለ፤ አምሳያዎቹም በግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የጥንቶቹ ተጠቅልለው ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ዛሬም በዚያው ከተማ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

እነዚያ ሰዎች ጨርቁን ከግድግዳ ሲያስለቅቁ ብዙ ተጠንቅቀዋል፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ድረስ መኖሩ ይመሰክራል። በጎንደር ቢቀር ዝናቡ ሊያጠፋው ይችል ነበር የሚሉ አሉ። ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክዳኑን ማደስ ሥዕሉን ወደ ፓሪስ ከማጓጓዝ የሚከብድ ሥራ አልነበረም፤ የገሳይ ሰዎች እንኳ ቆርቆሮ ገዝተው አድርገውታል። ለጎንደር ልጅ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት።

አሁን ደግሞ ስለ ሬንጅ እንናገር፤ ከላይ ከሁሉ የከፋ ብለነው ነበርና። በላስታ ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የወጡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው። ድንጋያቸው ቀይ፥ ለመፈልፈል የሚመች ለስላሳ ነው፤ ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ ግን ውሃም ይመቸዋል። በ1954 ከዝናብ ለመጠበቅ ታስቦ በአንዳንዶቹ ግድግዳ ላይ ሬንጅ ያለበት ልባስ ተቀባ፤ የሬንጁ ጥቁረት እንዳይታይም በላዩ ቀይ ቀለም ተደረገበት። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ዐለት ይተነፍሳል፤ ከሥሩና ከጣራው የጠጣውን ውሃ በግድግዳው በኩል ያወጣል። ልባሱ መውጫውን ስለ ዘጋበት ርጥበቱ ከውስጥ ታሰረ፥ ድንጋዩም ከልባሱ በታች ይበሰብስ ጀመር። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ይታመማል።

ከ1966 ጀምሮ ሳንድሮ አንጄሊኒ በሚባል ኢጣሊያዊ የሕንፃ ሊቅ መሪነት ይህ ልባስ እንዲነሣ ተደረገ። የላሊበላ ግድግዳ ከአንድ ዐለት ስለ ሆነ፥ ከመጠን ያለፈ ፍቀት ቢደርስበት በሌላ ድንጋይ አይተካም። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋራ ተጻፈ። በእኛ ዘመን ደግሞ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ በ2008 ከብረት አዕማድ የተሠራ ትልቅ ጥላ ተተክሎባቸዋል፤ ዝናቡን በልባስ ሳይሆን በክዳን መከልከል ተሻለ ማለት ነው። ጥላው ራሱ ግን ከባድ ነውና ሌላ ሥጋት አምጥቷል፤ ይህም ብዙ ያከራክራል። በጎንደር የፋሲል ግቢም ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን፥ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፥ በሲሚንቶ የታደሰ ነበረ፤ ከጥንቱ ሥራ ጋራ የማይስማማው በኋላ ተነሥቶ በኖራ ተተካ። ሲሚንቶ ከጥንቱ ኖራ ይልቅ ይጠነክራል፥ ውሃም አያሳልፍም፤ የጠነከረ ሁሉ ይሻላል የሚል ሰው ይህን አይቶ ይገረማል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፦ «እኛ መቅደስ አናድስ፥ ዐለት አንፍቅ፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። በዘመናችን የፋሲል ግንብን፥ ተራራንና ድልድይን በትንሹ አስመስሎ መሥራት የልጆች ደስታ ሆኗል። ሰው ሠራሽ በሆነ ሬዚን በሚባል ሙጫ በቅርጽ እየተቀዳ ይወጣል፤ በላዩም አሸዋ፥ ሰጋቱራና ደረቅ ሣር በማጣበቂያ ይነሰነስበታል፥ መሬት እንዲመስል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ አሸዋው ይረግፋል፥ ማጣበቂያውም ይቢጫል፤ እንደገና ሊያሳምሩት ሲሹ አሮጌውን ማንሣት ግድ ነው። በዚህም የገሳዩ መምህር ሥርዐት ይሠራል።

አስቀድሞ ማንም በማያየው በሥሩ በኩል ይፈተናል። ማጣበቂያው ነጭ የእንጨት ሙጫ ከሆነ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ጥቂት ጊዜ ሲዘፈዘፍ ይለሰልሳል፥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽም ይለቃል። ውሃው የፈላ መሆን የለበትም፤ ብዙ ዐይነት ሬዚን በሙቀት ይለሰልሳል፥ ቀጥ ያለውም ግንብ ይጐብጣል። ማጣበቂያው በቅጽበት የሚይዘው ጠንካራው ሙጫ ከሆነ ውሃ አይፈታውም፤ አሴቶን ይፈታዋል። አሴቶን ግን እሳት ፈጥኖ የሚይዘው፥ ሽታውም ራስ የሚያዞር ነውና ያለ አዋቂ አይነካ፤ አንዳንዱንም ሬዚን ያለሰልሳል። አሸዋውን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ መልካም አይደለም፤ የሬዚኑ ብናኝ ወደ ሳንባ ይገባል፤ እየራሰ ይፈግፈግ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በላዩ የተለጠፈውን ሻካራ ከቅርጹ ጋራ አብሮ ከወጣው ሻካራ መለየት ነው። በግንቡ ግድግዳ ላይ የድንጋዩ መስመር፥ በመስኮቱም ዙሪያ ያለው ቅስት አሸዋ ይመስላል፥ ሲፍቁት ግን አይመለስም። ስለዚህ ልጁ ግንቡን በመስኮት አጠገብ በብርሃን ፊት ያዙረው፤ ጥላው እንደ ረድፍ በሥርዐት የሚወድቅበትን ይተወው፥ ያለ ሥርዐት የሚበታተንበትን ይፍቀው። ሲጨርስም በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በጥላ ያድርቀው፤ ፀሐይ ላይ አያስጣው።